ማሸነፍ ምንድር ነው?
የቡድሃ ሐሳብ በጨዋታ ታሪክ ውስጥ

ጨዋታ ከሰው ልጅ ጋራ አብሮ የኖረ ነገር ነው። ቼዝ የሚጫወት ሰው የባላጋራውን ንጉሥ ለመያዝ፥ ኳስ የሚጫወትም ግብ ለማግባት ይጥራል። የጨዋታ ዓላማ ማሸነፍ ነው ብለን ሁላችንም እናምናለን። ነገር ግን ይህን እምነታችንን የሚመረምሩ ጨዋታዎች በታሪክ ተገኝተዋል፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ ሐሳባቸው ከቡድሃ ትምህርት ጋራ የተዛመደ ነው። ስለነርሱ ጥቂት ለመግለጽ እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የትምህርቱን መሠረት ማወቅ ይገባል። ቡድሃ በሕንድ አገር እንዳስተማረው የሰው መከራ የሚመጣው ከምኞት ነው። ምኞቱን ያልተወ ሰው ይሞታል፤ እንደ ሥራውም እንደገና ይወለዳል፤ ይህ ዙር እስኪበጠስ ድረስ ዕረፍት የለውም። የሚያስደንቀው ግን ከጥንታውያን የቡድሃ መጻሕፍት አንዱ፥ መነኩሴ ሊርቃቸው የሚገባውን ነገሮች ሲዘረዝር፥ ባለ 8 እና ባለ 10 ረድፍ የገበታ ጨዋታዎችን መጨመሩ ነው።

ሆኖም ትምህርቱ ቲቤት ከደረሰ በኋላ ጨዋታ ራሱ የማስተማሪያ መሣሪያ ሆነ። ሳክያ ፓንዲታ የተባለው ሊቅ (1182–1251) እንደ ፈጠረው የሚነገርለት አንድ የገበታ ጨዋታ አለ። ተጫዋቹ ዳይስ እየጣለ፥ ከሲኦል እስከ ፍጹም ዕረፍት በተሣሉት ቤቶች ላይ ይወጣል፤ ይወርዳልም። ከላይ የደረሰው ሊወድቅ፥ ከታች ያለውም ሊነሣ ስለሚችል ማንም በደረጃው አይመካም።

በኮምፒዩተር ዘመን ደግሞ በ1978 ጃፓን ውስጥ የወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ፥ ተኩሶ ነጥብ መሰብሰብን በብዙ አገር አስለመደ። በ1985 አሜሪካዊው ሪቻርድ ጋሪዮት ያወጣው ኡልቲማ 4 ግን ከዚህ ልማድ ወጣ። በመጨረሻ የሚገደል ታላቅ ጠላት የለበትም፤ የተጫዋቹ ተግባር 8 በጎ ምግባራትን መፈጸም ነው። ለዚህም በየመቅደሱ ማንትራ እየደገመ ያሰላስላል፤ ይህም በሂንዱና በቡድሃ ተከታዮች ዘንድ የታወቀ ሥርዓት ነው። በጨዋታው ውስጥ ዓይነ ስውር ነጋዴ ይገኛል፤ የዕቃውን ዋጋ ቈጥሮ የሚከፍለው ገዢው ራሱ ነው። ያጐደለ ሰው ወዲያው አይቀጣም፤ ነገር ግን ሐቀኝነቱ በስውር ይቀንሳል፥ ከግቡም ይርቃል።

በ1993 በጃፓን የወጣው ኮስሞሎጂ ኦፍ ኪዮቶ ከዚህም አለፈ። ቦታው ከ1,000 ዓመት በፊት የነበረችው የኪዮቶ ከተማ ናት። በሌሎች ጨዋታዎች የሞተ ተጫዋች ጨዋታው ያበቃበታል፤ በዚህኛው ግን ወደ ሲኦል ወርዶ መከራውን ያያል፥ ከዚያም እንደገና ተወልዶ ይቀጥላል። ሞት መሸነፍ መሆኑ ቀርቶ የጒዞው ክፍል ሆነ።

በመጨረሻም በ2017 በዮኮ ታሮ መሪነት የተሠራውን ኒር አውቶማታን እንጠቅሳለን። ይህ ስለ ቡድሃ የሚሰብክ ጨዋታ አይደለም፤ ነገር ግን መተውን እንዴት እንደሚፈትን እንመልከት። የመጨረሻው ውጊያ ለአንድ ሰው እጅግ ከባድ ስለ ሆነ፥ ከሌላ አገር ያሉ የማያውቃቸው ተጫዋቾች ይረዱታል። ካሸነፈ በኋላ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ እርሱም በተራው የማያውቀውን ሰው ለመርዳት ቢፈቅድ፥ በብዙ ሰዓት ድካም ያጠራቀመው መዝገብ ሁሉ ይጠፋል። የረዱትም ሰዎች ይህንኑ ከፍለው ነበር። አላደርገውም ማለትም ይችላል፤ ማንም አያስገድደውም።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፥ ጨዋታ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አለመሆኑን ነው። ወላጆችና መምህራን ልጆች በጨዋታ ላይ ስለሚያጠፉት ሰዓት ብዙ ጊዜ ይጨነቃሉ፤ መጨነቃቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ስንት ሰዓት ተጫወትህ ብለው ሲጠይቁ፥ ጨዋታው ምን እንድትመኝ አስተማረህ ብለው ቢጨምሩበት መልካም ነው። እኛም ተማሪዎች ነጥብና ደረጃ ስንቈጥር ይህን ጥያቄ ለራሳችን ብናቀርብ ይጠቅመናል።