የዛጎልና የዶቃ ጌጥ በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ፤ ታሪኩና ለትምህርት ያለው ጠቀሜታ

ስለ ደብረ ታቦር በትምህርት ቤት የሚነገረው ታሪክ ባመዛኙ የብረትና የእሳት ታሪክ ነው። ተማሪው ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያቋቋሙትን የብረት ሥራ መንደር፣ በ1859 ዓ.ም. በዚያው የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ፣ መድፉም እየተጎተተ ወደ መቅደላ የተጓዘበትን መንገድ ያጠናል። ይህ መጠናቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ያው ተማሪ ወደ ቤቱ ሲመለስ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚያየው የአያቱ አንቀልባ ሌላ የታሪክ ሰነድ መሆኑን የሚነግረው የለም። በቆዳው ጠርዝ የተደረደረው ዛጎል ከሕንድ ውቅያኖስ፣ በመካከሉ የገባው የብርጭቆ ዶቃም ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ከባሕር ወለል 2700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ከጉና ተራራ ግርጌ በምትገኝ ከተማ የባሕር ቅርፊት የሕፃን ማዘያ ጌጥ ሊሆን የበቃበት ምክንያት መመርመር ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የጌጡን አመጣጥና የባለሙያውን ድርሻ ገልጾ፣ ትምህርት ቤት በዚህ ረገድ ሊሠራ የሚችለውን ማመልከት ነው።

ጌጥ የሚያርፍበት ቦታ

የደጋው ሕዝብ ልብስ መሠረቱ ነጭ ጥጥ ነው። ነጠላውም ሆነ ኩታው፣ ጋቢውም ሆነ ቀሚሱ ነጭነቱን እንደያዘ ቀለም የሚገባበት በተወሰነ ስፍራ ብቻ ነው፤ ይኸውም በሽመናው ጊዜ በጠርዙ በሚገባው ጥለትና ጥበብ፣ ልብሱ ከተሰፋም በኋላ በአንገቱ፣ በደረቱና በእጅጌው በሚጠለፈው ጥልፍ ነው። ዶቃና ዛጎል ግን በጥጥ ልብስ ላይ እምብዛም አይሰፉም። ለዚህም ከልብሱ ጠባይ የሚመነጭ ምክንያት መስጠት ይቻላል። በእንዶድ ተዘፍዝፎ በእግር እየተረገጠ የሚታጠብ ስስ ሸማ የብርጭቆና የቅርፊት ክብደት ሊሸከም አይችልም። ቆዳ ግን ይሸከማል። ስለሆነም ዛጎሉና ዶቃው ያረፉት በአንቀልባ፣ በአገልግልና በሙዳይ ላይ፣ ከሁሉም በላይ በሰው አንገት ላይ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ የቦረናና የሐመር ሴቶች የቆዳ ልብሳቸውን በዶቃና በዛጎል ማስጌጣቸው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። ልዩነቱ የጌጥ ፍቅር ልዩነት ሳይሆን የልብሱ ዓይነት ልዩነት ነው።

አንቀልባ ከለፋ ቆዳ ተሠርቶ፣ በጠፍሮቹ በእናቲቱ ደረትና ወገብ ላይ የሚታሰር የሕፃን ማዘያ ነው። ዛጎሉ ከመሰፋቱ በፊት ጎባጣው ጀርባ ተቆርጦ ይወጣል፤ በዚህም ዛጎሉ በቆዳው ላይ ተደላድሎ ይተኛል፣ ክሩም የሚያልፍበት ቀዳዳ ያገኛል። ከዚያ በኋላ በጠርዙና በጠፍሩ ላይ በተርታ ይሰፋል፤ በመካከሉም ዶቃ ይገባል። ጌጡ ለዓይን ብቻ የተደረገ አይደለም። ዛጎል ሕፃኑን ከሰው ዓይን ይጠብቃል ተብሎ ይታመን ስለነበር የእናት ጭንቀትና የእናት ኩራት በአንድ ስፌት ተገናኝተዋል።

በአንገት የሚታሰረውም እንዲሁ እያንዳንዱ የራሱ ትርጉም አለው። ማተብ የክርስትና ምልክት ነው፤ የብር ድሪ የሀብትና የክብር ምልክት ነው፤ ጨሌ ደግሞ በብዙ ቤት ከዛር ልማድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ለእንግዳ የሚታይ ጌጥ አይደለም። ከዚህ የተነሳ ዶቃን ሁሉ በአንድ ስም «ጌጣጌጥ» ብሎ ማለፍ የሕዝቡን አስተሳሰብ ማሳሳት ይሆናል።

ከባሕር እስከ ጉና ግርጌ

ዛጎል ከማልዲቭ ደሴቶችና ከምሥራቅ አፍሪቃ ጠረፍ እየተሰበሰበ በእስያና በአፍሪቃ ብዙ አገሮች ለጌጥ፣ በአንዳንዶቹም ለገንዘብ ያገለገለ ዕቃ ነው። የብርጭቆ ዶቃ ደግሞ በተለይ በቬኒስ ከተማ አጠገብ ባለችው በሙራኖ ደሴት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። እነዚህ ዕቃዎች ከሐርና ከቀለም ጨርቅ ጋር በምጽዋ ወደብ ይገቡና በዐድዋ በኩል ወደ ጎንደር ይጓዙ ነበር። ከጎንደር ወደ ደቡብ የሚወርደው የሲራራ መንገድ በይፋግና በደሪታ ገበያዎች አልፎ ወደ ጎጃም ይሻገራል። ሁለቱም ስፍራዎች ዛሬ ደቡብ ጎንደር በሚባለው አገር የሚገኙ ናቸው፤ ደሪታ በተለይ የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ በመሆን የታወቀች ነበረች። የመገበያያውም ገንዘብ አሞሌ ጨውና የማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር። የክርስቲያኑ የአንገት ማተብ የሐር ክር በሙስሊሙ ነጋዴ በቅሎ ተጭኖ መምጣቱ የሁለቱን ሕዝቦች ኑሮ መተሳሰር የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

ባለሙያው ከውጭ የመጣውን ዕቃ እንዳለ አልተቀበለም። በ1760ዎቹ ዓ.ም. በጎንደር የነበረው እስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ የአገሩ ሠራተኞች ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ስላልነበራቸው ከሕንድ ከሱራት የሚመጣውን ጨርቅ እየተረተሩ ክሩን በራሳቸው ሽመና ያስገቡት ነበር። ባሕር አቋርጦ የመጣ ያለቀለት ጨርቅ ተፈትቶ እንደገና ጥሬ ዕቃ ሲሆን፣ ንድፉ የማን እንደሆነ አያጠራጥርም። በዛጎሉም የሆነው ይኸው ነው፤ ዕቃው የባሕር፣ ሥራው የደጋ ነው።

ቤተ መንግሥትና ቤተሰብ

ደብረ ታቦር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በራስ ጉግሣ ተቆርቁራ፣ እስከ 1845 ዓ.ም. የራስ ዐሊ መቀመጫ ሆና ቆይታለች። ከዚያም ዐፄ ቴዎድሮስ ዋና ከተማቸው አድርገዋታል፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም ተቀምጠውባታል። በእነዚያ ዘመናት የሐር ቀሚስ ማንም እንደ ፈቀደ የሚለብሰው ሳይሆን ለሹመትና ለጀግንነት ከገዢው የሚሰጥ ሽልማት ነበር። በልብስ ላይ ያለ ጥልፍ የባለቤቱን ማዕርግ የሚናገር ጽሑፍ ነበር ለማለት ይቻላል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተጓዙ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈውና ይዞት ከሄደው ንብረት መካከል የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ልብስና ጌጥ ይገኝበታል። እቴጌይቱ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በጉዞ ላይ እንዳሉ ዐርፈው በጨለቆት ተቀበሩ። በሐር የተጠለፈው የጥጥ ቀሚሳቸው ግን ለንደን ደርሶ፣ ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት በሚባለው ሙዚየም ይገኛል፤ የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብም በ2010 ዓ.ም. ለሕዝብ ታይቷል።

የእቴጌይቱ ቀሚስ የተወሰደበት ዓመት ይታወቃል፤ የባለቤቲቱም ስም ተመዝግቧል። የጠላፊው ስም ግን የለም። በደብረ ታቦር ዙሪያ ባሉ ቤቶች የተሰቀለው አንቀልባ ደግሞ የሰፊውም፣ የባለቤቲቱም፣ የዓመቱም መዝገብ የለውም። አንዱ በመዘረፉ ታሪክ ሲኖረው ሌላው በአገሩ በመቅረቱ ታሪክ አልባ መሆኑ ለመምህራን ሊከነክን የሚገባ ነገር ነው።

ባለሙያውና ክብሩ

የዚህ መዝገብ መጥፋት ምክንያቱ የጽሕፈት እጥረት ብቻ አይደለም። በነገሥታቱ ዘመን የገዛ እጁ ያስጌጠውን ኅብረተሰብ የሚያገለግለው ቆዳ ፋቂ፣ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በስድብ ስም ይጠራ፣ በቡዳነት ይጠረጠር ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው የነገሩን ክብደት ያስረዳል። ዐዋጁ ቢነገርም ንቀቱ በአንድ ጊዜ አልጠፋም። ሕፃኑን ያቀፈው ቆዳ የተመሰገነ ሲሆን ያለፋው እጅ ግን አልተመሰገነም። የተናቀ ሰው ስሙ ስለማይጻፍ የሙያው ታሪክ ከባለሙያው ጋር ተቀበረ።

የትምህርት ቤቱ ድርሻ

ዛሬ የፕላስቲክ ዶቃና የፋብሪካ ክር ገበያውን ይዘዋል፤ ሕፃንም በብዙ ቤት የሚታዘለው በጨርቅ ነው። አሮጌው አንቀልባ በአሮጌ ዕቃ ነጋዴ እጅ የሚወጣ ሸቀጥ ሆኗል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይደነግጋል። ነገር ግን መኖሩ ያልታወቀ ዕቃ ሊመዘገብ አይችልም፤ በየገጠሩ ቤት ያለውን ለማወቅ ደግሞ ከተማሪዎችና ከመምህራን የቀረበ ሰው የለም።

ስለዚህ በታሪክ፣ በጂኦግራፊና በእጅ ሥራ ትምህርት ውስጥ የሚከተለውን ተግባር ማካተት ይቻላል። ተማሪው በቤቱ ወይም በጎረቤት ያለን አንድ የተጌጠ ዕቃ ይመርጣል፤ ርዝመቱንና ስፋቱን ይለካል፣ ዛጎሉንና ዶቃውን ይቆጥራል፣ የአደራደሩን ሥርዓት በወረቀት ይነድፋል። ቀጥሎ ማን እንደ ሰፋው፣ ቆዳውን ማን እንዳለፋው፣ ዕቃው ከየትኛው ገበያ እንደ ተገዛ፣ ስንት ልጆች እንደ ታዘሉበት አረጋውያንን ጠይቆ ይጽፋል። በክፍል ውስጥ የሒሳብ መምህሩ የአደራደሩን ተመጣጣኝነት፣ የጂኦግራፊ መምህሩ የሲራራውን መንገድ ያስተምርበታል።

በዚህ ሥራ ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ዕቃው ከባለቤቱ ቤት አይወጣም፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣው ንድፉና ጽሑፉ ነው። ሁለተኛ፣ ቤተሰቡ ሊያሳይ የማይፈልገው ነገር፣ እንደ ጨሌ ያለው፣ አይጠየቅም። ሦስተኛ፣ የቆዳ አልፊው ስም ከሰፊዋና ከባለቤቲቱ ስም ጋር እኩል ይመዘገባል፤ ይህ ከተዘለለ አሮጌው ንቀት በአዲስ ደብተር መደገሙ ነው።

የዕቅድ አውጪዎችም ድርሻ ለዚህ ተግባር ክፍለ ጊዜ መመደብና የተማሪዎቹ ጽሑፍ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። የሚጠይቀው ወጪ ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው። አንቀልባውን የሰፉ ወይም ሲሰፋ ያዩ አረጋውያን ግን በየዓመቱ እያነሱ ስለሚሄዱ ጊዜው ወጪውን ያህል ቀላል አይደለም። የእቴጌይቱን ቀሚስ የጠለፈውን ሰው ስም ዛሬ መጠየቅ የሚቻልበት ሰው የለም፤ የአያትን አንቀልባ የሰፋችውን ሴት ስም ግን በዚህ ዓመት የሚያስታውስ ሰው ሊገኝ ይችላል።