በእግር ላይ ስለሚወጣ ቋጠሮ ጥንታዊ ሕክምና

በእግር ጀርባ ላይ የሚያብጠው፣ ሥጋን ሳይበላና ነፍስን ሳያሰጋ ለዓመታት የሚቀመጠው የፈሳሽ ቋጠሮ፣ ጫማ ካልጠበበበት በቀር ባለቤቱን እምብዛም ባያስጨንቅም፣ የጥንት ጠቢባን ሳይንቁት ጽፈውበታል። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ጳውሎስ ዘአጊና ከቋጠሮው የሰፋ የእርሳስ ብረት በላዩ አድርጎ ማሰርን አስተማረ። በኋላም በአውሮፓ ቤቶች ከባድ መጽሐፍ፣ ብዙ ጊዜም መጽሐፍ ቅዱስን አንሥቶ ቋጠሮውን መምታት ልማድ ሆነ። ከረጢቱ ሲፈነዳ እብጠቱ ወዲያው ስለሚጠፋ ፈውስ የተገኘ ይመስል ነበር፤ ዳሩ ግን ከመገጣጠሚያው ወይም ከጅማቱ ሽፋን የሚያያይዘው ሥር ስለሚቀር፣ ቋጠሮው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይሞላል።

ምርመራው ግን እጅግ ያማረ ጥበብ ነበረው፤ ክፍሉን አጨልመው መብራት ከጎኑ ሲያስጠጉበት ፈሳሽ የያዘው ከረጢት ቀልቶ ያበራል፣ ጽኑዕ እጢ ግን ጨለማ ሆኖ ይቀራል። በ1895 እ.ኤ.አ. የተገኘው ራጅ አጥንትን እንጂ ይህን ለስላሳ አካል አጥርቶ ስለማያሳይ፣ አልትራሳውንድና ኤምአርአይ እስኪመጡ ድረስ ሐኪሙ በጣቱና በመብራቱ ተማምኖ ኖረ። በመርፌ ሲቀዱት እንደ እንቁላል ነጩ ክፍል የጠራና የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይወጣል፤ የመመለሱን ዕድል ለመቀነስ ግን ቀዶ ሐኪሙ በአጠገቡ የሚያልፈውን ነርቭ እየጠበቀ ከረጢቱን ከነሥሩ ያወጣል።