ከፈንግል እስከ ለምለም፦ የትውከትና የተቅማጥ ታሪካችን

እኔ የሂሳብ ሰው ነኝና ስለ ታሪክ ጻፊ ስባል መጀመሪያ የገለጥኩት የድንገተኛ ብድር መዝገባችንን ነው። «ምክንያት» በሚለው ዓምድ ሥር ደጋግሞ የሚመጣው «ልጅ አስመልሶት»፣ «ልጅ አስቀምጦት» የሚል ነው። ይህ ወጪ ከእናቶቻችንና ከአያቶቻችን ጀምሮ ሲከፈል የኖረ ነው፤ እነሱ ግን በገንዘብ ሳይሆን በልጅ ነበር የከፈሉት።

ዛሬ ውርጌሳ ላይ «ፈንግል ገባ» ከተባለ የምንሮጠው ወደ ዶሮዎቻችን ነው። በቀድሞ ዘመን ግን ፈንግል የሰው በሽታ ስም ነበር፤ አሁን ኮሌራ የምንለው ማለት ነው። ሰውን ላይና ታች አጣድፎ በአንድ ቀን ውስጥ የሚጨርስ ክፉ በሽታ ነው። በ1858 ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጣና ዳር ቆራጣ ላይ ሰፍሮ ሳለ ይኸው በሽታ ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ። ንጉሡም ሠራዊታቸውን ከሐይቁ ዳር አንስተው ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ወጡ። በዚያ ዘመን በሽታውን የሚያመጣው መጥፎ አየር ነው ተብሎ በብዙ አገር ይታመን ነበር። ጆን ስኖው የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ የሟቾቹን ቤት አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ብዙዎቹ ከአንድ የውሃ ፓምፕ የቀዱ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። ይሁን እንጂ በራሱ አገር እንኳ ቶሎ አልታመነም።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ። ጎረቤታችን ውጫሌ ላይ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይማሩታል። ውሉ ሲፈረም ግን አገሩ በመከራ ውስጥ ነበር። የደስታ በሽታ ከብቱን ጨርሶ በሬ በመጥፋቱ እርሻው ጦም አደረ። ረሃቡን ተከትሎ ፈንግልና ሌላ ወረርሽኝ ገባ። የተራበ ሰው ያገኘውን ውሃ ይጠጣል፤ ያገኘው ቦታ ተጠጋግቶ ያድራል። በሽታውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ለመሆኑ ትውከትና ተቅማጥ ሰውን የሚገድሉት እንዴት ነው? በእኔ ሙያ ልንገራችሁ። ሰውነታችን የውሃና የጨው ካዝና ነው። ማስመለስና ማስቀመጥ ወጪ ነው፤ መጠጣት ገቢ ነው። ወጪው በዝቶ ገቢው ሲቋረጥ ካዝናው ባዶ ይሆናል፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ ካዝናው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይከስራል። የድሮ ሰው ያየው ወጪውን ብቻ ነበር። ስለዚህ ወጪውን ለማቆም ውሃ ይከለክላል፣ እንጥል ያስቆርጣል፣ የሕፃኑን ድድ ቀዶ ግግ ያስወጣል። እነዚህ ሁሉ በኪሳራ ላይ ኪሳራ፣ በዚያም ላይ ደምና ቁስል የሚጨምሩ ነበሩ።

ገቢውን የመሙላት ብልሃት የተገኘው ብዙ ቆይቶ ነው። ጨው ብቻውን በታመመ አንጀት ውስጥ እንደሚገባው አያልፍም፤ ስኳር አብሮት ሲኖር ግን ስኳሩ ጨውን፣ ጨውም ውሃን ይዞ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ሕዝቡን ወደ ህንድ ሲያሰድድ፣ ቦንጋኦን በተባለ ቦታ ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሊያልቅ ሲል ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ስኳር በውሃ አስበጥብጦ ለሕመምተኞቹ ቤተሰቦች ሰጠ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ራሳቸው አጠጡ። ከመቶ ሕመምተኛ 30 ገደማ ይሞት የነበረው ከ4 በታች ወረደ።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ እናቴ የመጀመሪያ ልጇን አዝላ ከአገሯ ወጣች። መንገድ ላይ ልጁ ማስመለስና ማስቀመጥ ጀመረው። አብረዋት ይሄዱ የነበሩ ሴቶች «ስታጠጪው ነው የሚወጣው፤ ሆዱ ይረፍ፣ ከልክይው» አሏት። ከለከለችው። እያየ ጠይቋት ነበር። መጠለያ ሳይደርሱ አለፈ። የቦንጋኦኑ ሥራ በተሠራ በ13 ዓመቱ ማለት ነው፤ ዕውቀቱ ነበር፣ እናቴ ጋ ግን አልደረሰም። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ እስካሁን ድረስ ልጅ «ውሃ» ሲል ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትነሳለች። የመከሯት ሴቶችም ክፉዎች አልነበሩም፤ የሚያውቁት ያንን ነበር።

ዛሬ ለምለም የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ገብተው አስተምረውናል። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. አተት አዲስ አበባን ጭምር ሲያስጨንቅ እንዳየነው በሽታው አልሄደም። አተት ማለት ራሱ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ነው፤ አያቶቻችን ፈንግል ያሉትን ሳይቀር የሚይዝ ስም ነው። የቀረው ጉድለት አሰጣጡ ላይ ነው። «ሰጠሁት፣ መልሶ አስወጣው» ብለን እንተዋለን።

ስለዚህ ይህን እንያዝ። አንድ ፓኬት ለምለም በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ልክ ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ልጁ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና፣ በሻይ ማንኪያ፣ በየአንድ ሁለት ደቂቃው ቀስ እያሉ መስጠት ነው። በአንዴ በኩባያ የተጋተ ይመለሳል፤ በማንኪያ የገባ አብዛኛው ይቀራል። ጡት አይቋረጥም፤ ምግብም አይከለከልም። ለምለም ከጠፋ ልኩ ለአንድ ሊትር ውሃ አፉ የተላገ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ጨው ከልኩ ካለፈ ይጎዳል፤ በእፍኝና በግምት አይሆንም። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ የገባውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ ሽንቱ ከጠፋ ወይም ደም ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ነው። አዋቂም ቢሆን ላይና ታች ካጣደፈው አይጠበቅም።

በሚቀጥለው ስብሰባችን እያንዳንዳችን አንድ ሃይላንድና አንድ የሻይ ማንኪያ ይዘን እንምጣና በእጃችን በጥብጠን እንልመደው። ደጋፊዎቻችንም ከምትሰጡን ላይ በየአባሉ ቤት ሁለት ሁለት ፓኬት ለምለም እንዲቀመጥ ብታግዙን፣ የብድር መዝገቡ ያ ዓምድ እየሳሳ ይሄዳል። እናቴም ትመጣለች። ማንኪያውን አያያዝ የምታሳየን እሷ ናት።