አል-ኸዋሪዝሚና በልጅዎ እጅ ያለው ስልክ



ልጅዎ ማታ የሒሳብ የቤት ሥራውን ሲሠራ አስተውለው ያውቃሉ? ጥያቄውን በስልኩ ካሜራ ያነሳዋል፤ ወዲያውም መልሱ ከነአሠራሩ ደረጃ በደረጃ ተዘርዝሮ ይወጣለታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ዎልፍራም አልፋና በ2014 የወጣው ፎቶማዝ ከእነዚህ መሣሪያዎች መካከል የታወቁት ናቸው። ብዙዎቻችን ይህን የምዕራባውያን ጥበብ ብቻ አድርገን እንቆጥረዋለን። ሥሩን ብንከተል ግን የምንደርሰው ባግዳድ ነው።

በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (813–833 እ.ኤ.አ.) በበይተል ሒክማ ይሠሩ ከነበሩት ሊቃውንት አንዱ ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ነበር። ስለ አል-ጀብር ወል-ሙቃበላ የጻፈው መጽሐፍ በ1145 ወደ ላቲን ተተረጎመ፤ «አልጀብራ» የሚለው ቃል ከዚህ መጣ። የእነዚህ መሣሪያዎች አሠራር የሚጠራበት «አልጎሪዝም» የሚለው ቃልም የርሱ ስም በላቲን የተጠራበት ነው።

መጽሐፉ ጥያቄዎችን የሚፈታው ያለ ምልክት፣ በቃላት ብቻ ነበር። ለምሳሌ፦ አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የቁጥሩ 10 እጥፍ ሲጨመርበት 39 ይሆናል፤ ቁጥሩ ስንት ነው? አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የ10 ግማሽ 5 ነው። 5 በራሱ ሲባዛ 25፤ በ39 ላይ ሲጨመር 64። በራሱ ተባዝቶ 64 የሚሰጠው 8 ነው። ከ8 ላይ 5 ሲቀነስ 3 ይቀራል። መልሱ 3 ነው።

ዛሬ ስልኩ የሚያሳየው የዚህን ዓይነት ዝርዝር ነው። አል-ኸዋሪዝሚ ግን በዚህ አላቆመም። አራት ማዕዘን ሥሎ፣ በሁለት ጎኖቹ ወርዳቸው 5 የሆኑ ሁለት ቁራጮች ጨምሮ፣ የጎደለችውን ማዕዘን በ25 ሞልቶ፣ 25 ለምን እንደሚጨመር በዓይን አሳየ። «እንዴት» ካለ በኋላ «ለምን» የሚለውንም መለሰ።

ይህ ልዩነት የፈተና ነጥብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የመጽሐፉ ሰፊ ክፍል የተሰጠው ለኑዛዜና ለውርስ ስሌት ነው፤ ማለትም ለሰው ሐቅ። አንድ ሰው ሚስት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ሞተ እንበል፤ ወላጆቹ ቀድመውት አልፈዋል። የተገኘው ገንዘብ 288,000 ብር ነው። ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ከቀሪው ለወንዱ ሁለት እጅ፣ ለሴቷ አንድ እጅ ተብሎ ቢሰላ 36,000፣ 168,000 እና 84,000 ብር ይደርሳቸዋል። በስሌቱ የአንድ ሳንቲም ስህተት የለም።

ነገር ግን ሟቹ 48,000 ብር ዕዳ ነበረበት እንበል። በሱረቱ ኒሳእ እንደተደነገገው ውርስ የሚከፋፈለው ከኑዛዜና ከዕዳ በኋላ ነው። ስለዚህ የሚከፋፈለው 240,000 ብር፣ ድርሻቸውም 30,000፣ 140,000 እና 70,000 ነበር። መሣሪያው የሰጡትን ቁጥር በትክክል ሠርቷል፤ የአበዳሪው ሐቅ ግን ተበላ። ይህን የሚያየው ከስሌቱ በስተጀርባ ያለውን «ለምን» የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ስልኩን ከልጅዎ እጅ አይንጠቁት፤ መሣሪያው ኒዕማ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መጀመሪያ ራሱ ይሞክር፤ ቀጥሎ ከስልኩ ጋር ያስተያይ። ከዚያም ደብተሩን ዘግቶ እያንዳንዱ ደረጃ ለምን እንደተሠራ ለእርስዎ ያስረዳ። እርስዎ ሒሳብ ባይማሩም «ለምን?» ብሎ መጠየቅ አያቅትዎትም። ነገ የየቲም ድርሻ እንዲያካፍል ወይም የዘካ ሒሳብ እንዲያወጣ የሚጠራው ይኸው ልጅ ነውና።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይለግሳቸው፤ የሰውን ሐቅ ጠባቂዎችም ያድርጋቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።