ከ«የትኛው» በፊት «መቼ»፦ የጨቅላ ሕፃናት የሐሞት ቱቦ መደፈን እና የቫይረስ መላምት

አኅጽሮት

ባይሊየሪ አትሪዢያ የሚባለው የጨቅላ ሕፃናት የሐሞት ቱቦ መደፈን መነሻው እስካሁን አልተረጋገጠም። ለግማሽ ምዕተ ዓመት በተለይ ሲጠረጠር የቆየው ቫይረስ ነው። ይህ መጣጥፍ በሪዮቫይረስ፣ በሮታቫይረስ እና በሳይቶሜጋሎቫይረስ ላይ የቀረቡትን ማስረጃዎች ይመዝናል። «የትኛው ቫይረስ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣው «ጉዳቱ መቼ ጀመረ?» የሚለው ስላልቀደመው ነው ሲልም ይሞግታል።

መግቢያ

ዐይኑ ቢጫ የሆነ ሰው በአገራችን «የወፍ በሽታ ይዞታል» ይባላል። ስያሜው ከሌሊት ወፍ ጋር የተያያዘ የቆየ እምነት ነው፤ ሕመሙን ያመጣው ከውጭ የመጣ ነገር ነው ከሚል ግምት ይነሣል። በሐሞት ቱቦ መደፈን ረገድ ሳይንሱም ሲፈልግ የኖረው ከውጭ የመጣ ነገር ነው።

ብዙ አራስ ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይሆናሉ፤ አብዛኞቹም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃቸዋል። የሐሞት ቱቦው የተደፈነበት ሕፃን ግን ቢጫነቱ ይቆያል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ዐይነ ምድሩም እየነጣ ይሄዳል። ከጉበት ወደ አንጀት የሚወስደው ቱቦ ተቆጥቶና ጠባሳ አውጥቶ ስለተዘጋ ሐሞቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ጉበቱን ይጎዳል። ካልታከመ አብዛኞቹ ሕፃናት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። በሽታው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከ15,000 እስከ 20,000 ከሚሆኑ ልደቶች በአንዱ ይታያል፤ በታይዋን ግን ከ5,000 እስከ 6,000 በሚሆኑት አንድ ይገኛል። በዓለም ላይ ልጆችን ለጉበት ንቅለ ተከላ ከሚዳርጉ ምክንያቶችም ቀዳሚው ነው።

የሦስቱ ተጠርጣሪዎች መዝገብ

አሜሪካዊው የሕፃናት ፓቶሎጂ ሐኪም ቤንጃሚን ላንዲንግ እ.ኤ.አ. በ1974 የአራሶች የጉበት ብግነት፣ የሐሞት ቱቦ መደፈንና የሐሞት ቱቦ ከረጢት የአንድ ሂደት የተለያዩ ገጽታዎች ናቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ለሂደቱም መነሻ ቫይረስ ሊሆን እንደሚችል ጠቆመ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ፍለጋ በአብዛኛው የዚህ ሐሳብ ፈተና ነው።

በቅድሚያ የተጠረጠረው ሪዮቫይረስ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በታማሚ ሕፃናት ደም ውስጥ የዚህ ቫይረስ ፀረ እንግዳ አካል በርከት ብሎ መገኘቱ ተዘገበ፤ ቫይረሱ የአይጥ ግልገሎችን የሐሞት ቱቦ እንደሚጎዳም ታየ። በ1998 የወጣ ጥናት ከታማሚዎቹ ከግማሽ በሚበልጡት ሕብረ ሕዋስ ውስጥ የቫይረሱን አርኤንኤ አገኘ። ሌሎች ቡድኖች ግን በታማሚዎችና በጤነኞች መካከል ልዩነት አላገኙም።

ጠንካራው የላቦራቶሪ ማስረጃ ያለው በሮታቫይረስ ላይ ነው። ከዝንጀሮ የተገኘ የሮታቫይረስ ዝርያ ገና እንደተወለዱ ለአይጥ ግልገሎች ሲሰጥ ቢጫ ይሆናሉ፣ ዐይነ ምድራቸው ይነጣል፣ የሐሞት ቱቧቸውም ይዘጋል። ቀናት ካለፉ በኋላ ሲሰጥ ግን በሽታው የመከሰት ዕድሉ ይመነምናል። የበለጠ የሚያስተምረው ቀጥሎ የሚታየው ነው፦ ቫይረሱ ከሰውነት ከጠፋ በኋላም ብግነቱ አይቆምም። ጋማ ኢንተርፌሮን የተሰኘው የመከላከያ ፕሮቲን በሌላቸው ግልገሎች ላይ ቱቦው አይደፈንም። ስለዚህ ቱቦውን የሚዘጋው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን እሱ የቀሰቀሰው የመከላከያ ሥርዓት ነው። እሳቱን የለኮሰው ሄዷል፤ ቤቱ ግን መንደዱን ቀጥሏል።

በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ይህን ያህል አይጠራም። በ1996 ከ20 ታማሚ ሕፃናት በ10ሩ ላይ የ«ሲ» ምድብ ሮታቫይረስ መገኘቱ ተዘገበ፤ በዓመቱ ሌላ ቡድን ፈልጎ ምንም አላገኘም። በታይዋን የሮታቫይረስ ክትባት ከተጀመረ በኋላ በሽታው መቀነሱ ተዘግቧል። ይሁን እንጂ ክትባቱ የሚሠራው በ«ኤ» ምድብ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ጠብታ የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ በስድስተኛው ሳምንት፣ በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። ክትባቱ ጠቅሞ ከሆነ የጠቀመው በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚዘዋወረውን ቫይረስ በመቀነስ እንጂ የተከተበውን ሕፃን በቀጥታ በመጠበቅ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ሳይቶሜጋሎቫይረስ በእንግዴ ልጅ በኩል ከእናት ወደ ፅንስ መተላለፍ ይችላል። በ2009 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከታማሚዎቹ ከግማሽ በሚበልጡት ጉበት ውስጥ ለዚህ ቫይረስ ምላሽ የሚሰጡ ቲ ሴሎችን አግኝቷል። በእንግሊዝ ከአሥር ታማሚ አንድ ያህሉ የቅርብ ጊዜ ኢንፌክሽን ምልክት አለው፤ እነዚህ ሕፃናት ለቀዶ ሕክምና ዘግይተው ይደርሳሉ፣ ውጤታቸውም ደካማ ነው። ሆኖም እንደ ኢትዮጵያ አብዛኛው አዋቂ ቫይረሱን በተሸከመበት አገር ቫይረሱን በሕፃኑ ላይ ማግኘት ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ በሰፈሩ ሲኖር የቆየ ሰው ከወንጀሉ ቦታ አጠገብ መታየቱ ጥፋተኛ እንደማያሰኘው ሁሉ።

የጊዜው ጥያቄ

የውጤቶቹ መጣረስ አንድ የጋራ ምክንያት አለው። ተመራማሪዎች የሚመረምሩት ሕብረ ሕዋስ የሚወሰደው በቀዶ ሕክምና ጊዜ፣ ሕፃኑ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ነው። በ2009 በጀርመን 74 ጉበቶች ሲመረመሩ ቫይረስ የተገኘው ከግማሽ ባነሱት ነው። ቫይረሱ አንድ ጊዜ መትቶ የሚሰወር ከሆነ በዚያ ዕድሜ መፈለግ አመድ ውስጥ ክብሪት እንደመፈለግ ነው። በዚያ ዕድሜ የተገኘው ቫይረስም ዘግይቶ የገባ እንግዳ ሊሆን ይችላል።

የሂውስተን ተመራማሪዎች በ2011 ያወጡት ሥራ ሰዓቱን የበለጠ ወደ ኋላ መለሰው። በተወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ ደማቸው የተለካ 34 ታማሚ ሕፃናት፣ ገና ምልክት ሳይታይባቸው፣ ሁሉም ከመጠን ያለፈ ቀጥተኛ ቢሊሩቢን (ቢጫነቱን የሚያመጣው የሐሞት ቀለም) ነበራቸው። ከልደት በኋላ የገባ ቫይረስ ይህን ሊያመጣ ጊዜ አይበቃውም። ከታማሚዎቹ አሥር በመቶ ያህሉ የጣፊያና የውስጥ አካላት አቀማመጥ ጉድለት ይዘው መወለዳቸውም ቢያንስ አንዱ የበሽታው ዓይነት በፅንስ ዘመን እንደሚጀምር ያሳያል።

ለማነጻጸር የአውስትራሊያ በጎች ይጠቅማሉ። በ1964 እና በ1988 ድርቅ ላይ የነበሩ እርጉዝ በጎች አንድ የአረም ዓይነት በልተው ሐሞት ቱቧቸው የተደፈነ ግልገሎች ወለዱ፤ እናቶቹ ግን አልታመሙም። መርዙ ባይሊያትሬሶን መሆኑ በ2015 ታወቀ። እናትን ሳይነካ ፅንስን የሚመታ ነገር መኖሩ በዚህ ተረጋግጧል፤ ያም ነገር የግድ ቫይረስ መሆን የለበትም።

መደምደሚያ

ማስረጃው ሲጠቃለል ቫይረስ ከመነሻዎቹ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ የሁሉም ታማሚ ብቸኛ መነሻ ነው ማለት ግን አይቻልም። ቀጣዩ ፍለጋ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወጥቶ ወደ እርግዝና ክትትል፣ ወደ እንግዴ ልጅ፣ ወደ እትብት ደምና በልደት ሰሞን በወረቀት ላይ ወደሚደርቀው የደም ጠብታ መሄድ አለበት።

ጊዜ ለምርምሩ ቁልፍ እንደሆነ ሁሉ ለሕፃኑም ቁልፍ ነው። ጃፓናዊው ሞሪዮ ካሳይ በ1950ዎቹ የጀመረው፣ ጉበትን ከአንጀት ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው ቀዶ ሕክምና የተሻለ ውጤት የሚሰጠው ሕፃኑ 60 ቀን ሳይሞላው ሲደረግ ነው። ታይዋን ከ2004 ጀምሮ ለእናቶች የዐይነ ምድር ቀለም ካርድ የምታድለው ለዚህ ነው። በእኛ አገር «ፀሐይ አሙቂው፣ ይለቀዋል» የሚለው ምክር ለተለመደው ቢጫነት ሲባል እነዚህን ሳምንታት ይበላል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሮታቫይረስ ክትባት ጠብታ የሚሰጠው በ45ኛው ቀን ክትባት ላይ ነው። ያን ዕለት ጠብታውን የምትሰጠው ባለሙያ የሕፃኑን ዐይንና የሽንት ጨርቁን ብታይ፣ ለቀዶ ሕክምናው ገና አሥራ አምስት ቀን ይቀራል።