ሪአክቲቭ ፓወር፡- ከሩቅ ለመላክ የሚያስቸግረው ኃይል

መብራት አለ፤ ነገር ግን አምፖሉ ደብዝዟል፣ ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም፣ የወፍጮው ሞተር ይግላል። በኤሌክትሪክ መስመር ጫፍ ላይ ባሉ ከተሞች የሚኖር ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። ብዙዎቻችን “ኃይል አነሰ” ብለን እናልፈዋለን። ይሁንና ግድቦች በቂ ኃይል እያመነጩም ቮልቴጅ ሊወርድ ይችላል። ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ከባለሙያዎች ውጭ ስሙ እምብዛም የማይነሳው ሪአክቲቭ ፓወር ነው።

ለመሆኑ ሪአክቲቭ ፓወር ምንድን ነው?

አምፖል የሚያበራው፣ ምጣድ የሚያግለው፣ እህል የሚፈጨው ኃይል አክቲቭ ፓወር ይባላል፤ መለኪያውም ዋት ነው። ሞተርና ትራንስፎርመር ግን ሥራቸውን እንዲሠሩ መግነጢሳዊ መስክ መፍጠር አለባቸው። ለዚህ የሚያስፈልገው ኃይል በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ወደ ሞተሩ እየገባ ተመልሶ ይወጣል። ወደ ሥራ ባይለወጥም በሽቦው ላይ ቦታ ይይዛል። ሪአክቲቭ ፓወር የሚባለው ይህ ሲሆን፣ የሚለካው በቫር ነው።

በምሳሌ እንየው። 30 ኪሎ ዋት የሚወስድ የወፍጮ ሞተር ፓወር ፋክተሩ 0.7 ከሆነ፣ በ380 ቮልት መስመር ላይ 65 አምፔር ያህል ይስባል። አጠገቡ 20 ኪሎ ቫር ካፓሲተር ቢተከል ፓወር ፋክተሩ ወደ 0.95 ይጠጋል፤ ከመስመሩ የሚሳበውም ወደ 48 አምፔር ይወርዳል። የሚፈጨው እህል ያው ነው፤ በሽቦው ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ግን ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው።

ጅግጅጋ፡- የመስመር ጫፍ

ጅግጅጋ ከብሔራዊው መረብ ኃይል የምታገኘው ከድሬዳዋ ሐረርን አልፎ በሚመጣ የ132 ኪሎ ቮልት መስመር ነው። ድሬዳዋ ራሷ ትልልቆቹ የውኃ ማመንጫዎች ካሉባቸው ከኦሞና ከዓባይ ተፋሰሶች በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ትርቃለች። አክቲቭ ፓወር ይህን መንገድ ጥቂት እየባከነ ይጓዛል። ሪአክቲቭ ፓወርን ግን የተጫነው መስመር ራሱ ይበላዋል፤ ከሩቅ ለመላክ በተሞከረ ቁጥርም ቮልቴጁ ይወርዳል። የሲራራ ነጋዴ ሸቀጡን ከሩቅ ጭኖ ይመጣል፤ ለግመሎቹ ውኃ የሚያገኘው ግን በየደረሰበት ጉድጓድ ነው። ሪአክቲቭ ፓወርም እንዲሁ በሚፈለግበት አካባቢ መገኘት አለበት።

ሰው በየቤቱ የሚገዛው ስታቢላይዘርስ? የገዛውን ቤት ይጠቅማል። ሆኖም ቮልቴጅ በወረደ ቁጥር ከመስመሩ ይበልጥ ስለሚስብ የጎረቤቱን ቮልቴጅ ይብስ ያወርዳል። የሰፈሩ ሁሉ ስታቢላይዘር ችግሩን አይፈታውም፤ ሊያባብሰው ይችላል።

ሲቲ ዞን፡- ተቃራኒው ችግር

ከድሬዳዋ በአዲጋላ አድርጎ ጅቡቲ የሚገባው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር በ2004 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን፣ 283 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ረጅም መስመር ጭነት ሲቀልለት እንደ ካፓሲተር ሆኖ ራሱ ሪአክቲቭ ፓወር ይሰጣል፤ በተለመደው ስሌት ይህን ያህል ርዝመት ያለው መስመር 40 ሜጋ ቫር ገደማ ያወጣል። ያን ጊዜ ቮልቴጅ ከልክ በላይ እንዳይወጣ ትርፉን የሚመጥ ሪአክተር ያስፈልጋል። በዚሁ ዞን በአይሻ እንደተተከሉት ያሉ ዘመናዊ የነፋስ ተርባይኖችም በአግባቡ ከታዘዙ ሪአክቲቭ ፓወር መስጠትም መቀበልም ይችላሉ።

ጉዳዩ የትንንሽ ከተሞች ብቻ አይደለም። በኦገስት 2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ላጨለመው ብልሽት በሰሜን ኦሃዮ የነበረው የሪአክቲቭ ፓወር እጥረት አንዱ መንስኤ ነበር። በአንጻሩ ኤፕሪል 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ስፔንና ፖርቱጋል የጨለሙት ቮልቴጅ ከቁጥጥር ውጭ ስለናረ ነው።

ምን ይደረግ?

አዲስ ማመንጫም ሆነ አዲስ መስመር ዓመታትን ይፈጃል። በማከፋፈያ ጣቢያዎች፣ በውኃ ፓምፖችና በወፍጮ ቤቶች የሚተከል ካፓሲተር ግን ዋጋው አነስተኛ፣ ሥራውም የወራት ነው። ጥንቃቄ የሚሻው ሌሊት ጭነት ሲቀንስ ተከትሎ እንዲቀንስ ደረጃ በደረጃ የሚበራና የሚጠፋ መሆኑ ላይ ነው። በመስመር ጫፍ ያለች ከተማ ዋቱን ከሩቅ ብትጠብቅም ቫሯን እዚያው ማግኘት ይኖርባታል።