ስለ መያዣና ስለ መቤዠት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ደሴ የንጉሥ ሚካኤል መናገሻ፥ ኮምቦልቻም የአሰብ መንገድ መገናኛ ከሆኑ ጀምሮ ነጋዴ የሚበዛባቸው ከተሞች ናቸውና፥ ብድርና መያዣ ለሰዎቻቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ዛሬም የምንናገረው ስለዚሁ ነው።

ሙሴ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 አበዳሪውን መያዣ ለመቀበል ወደ ባለዕዳው ቤት እንዳይገባ፥ በውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ ያዝዘዋል። ወፍጮ በመያዣነት እንዳይወሰድ ይከለክላል፤ ወፍጮው የተወሰደበት ቤት በምን ፈጭቶ ይበላል? በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ደግሞ ደኽይቶ ርስቱን የሸጠ ሰው፥ ራሱ ወይም ዘመዱ የሚቤዥበት መንገድ ተከፍቶለታል። ስለ መስቀል ስንናገር ቤዛ የምንለው ቃል ከዚህ መቤዠት ጋር አንድ ሥር ያለው መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም።

በአገራችን የቆየው ልማድ ወለድ አገድ ይባል ነበር። ተበዳሪው መሬቱን ያስረክባል፤ አበዳሪው በወለድ ፈንታ ፍሬውን ይበላል፤ ዋናው ገንዘብ በተመለሰ ዕለት መሬቱ ለባለቤቱ ይለቀቃል። ልማዱ የባለርስቱን ስም አላጠፋም፤ ነገር ግን ዕዳው የሚከፈልበትን ማሳ ስለሚወስድ የመቤዣውን ዐቅም አብሮ ይወስድ ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኃብ በወሎ ሲጸና ከብቱ ያለቀበት ገበሬ ምን ይዞ ሊቤዥ ይችል ነበር? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ መሬትን መሸጥንም፥ በወለድ አገድ መስጠትንም አንድ ላይ ከለከለ።

ከዚያ አስቀድሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2851 እና በቁጥር 3060 ታላቅ ነገር ደንግጎ ነበር። ዕዳው በቀኑ ባይከፈል አበዳሪው ከሕጉ ሥርዓት ውጭ መያዣውን እንዲሸጥ የሚፈቅድ ውል ዋጋ የለውም አለ። የቸገረው ሰው ያቀረቡለትን ሁሉ ይፈርማልና፤ ደግሞም በቀኑ እከፍላለሁ ብሎ ያምናል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን ባለዕዳው የሚያጣውን በዐይኑ እያየ ቤቱን በዕዳው ፈንታ ለማስረከብ ቢስማማ ሕጉ ይቀበለዋል። በሁለቱ ፊርማዎች መካከል ያለው ልዩነት የዘመን ብቻ ይመስላል፤ እኔ ግን የነጻነት ልዩነት ነው እላለሁ።

በ1990 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 97 ይህን ለባንኮች አላላው። ባንክ ከተበዳሪው ጋር አስቀድሞ ተስማምቶ እንደ ሆነ፥ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፥ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ፈቀደ። ምክንያት የሌለው አይደለም፤ ክርክሩ ይጓተት ነበር፥ ባንክ የሚያበድረውም ገንዘብ የብዙ አስቀማጮች ነው። ነገር ግን ቤቱን አስይዞ ሱቁን የሞላ ነጋዴ፥ ለመቤዠት የሚተርፈው ጊዜ በዚያ ማስጠንቀቂያ ልክ ሊያጥር ይችላል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ሱቅና ፋብሪካ ተዘረፈ። ዕቃ ሲዘረፍ ግን የብድር ውል አብሮ አይዘረፍም።

በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 5 የተጻፈው ይህን ይመስላል። በኢየሩሳሌም ሕዝቡ ከረኃብ የተነሣ እርሻውንና ቤቱን አስይዞ እህል ተበደረ፤ ልጆቹም ለባርነት ተዳረጉ። ነህምያ ሹማምንቱን ሰብስቦ የያዙትን እርሻና ቤት በዚያው ቀን እንዲመልሱ ጠየቃቸው፤ እነርሱም እሺ አሉ። ሲጠይቃቸውም እርሱና ወንድሞቹ ራሳቸው ከአበዳሪዎቹ ወገን መሆናቸውን አልሸሸገም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።